አንዳንዴ የሚሠራ የዝናብ መጥረጊያ

ክረምት ግም ሲል በየቤቱ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። የሚያፈስ ጣሪያ ይደፈናል፣ አሸንዳ ይጠረጋል፣ ለልጆች ቦቲና ጃንጥላ ይገዛል። ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ግን ብዙ ጊዜ ትረሳለች። የዝናብ መጥረጊያዋማ ከመስከረም ወዲህ የነካው ስለሌለ፣ መኖሩ ትዝ የሚለን የመጀመሪያው ዶፍ መስታወቱን ሲጋርደው ነው።

መጥረጊያው ጨርሶ አልሠራም ካለ ነገሩ ቀላል ነው። መኪናዋ ትቆማለች፣ ልጆቹም በታክሲ ይሄዳሉ። አስቸጋሪው አንዳንዴ የሚሠራው ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ ደህና ይጠርጋል፤ ከሰዓት ሊያመጧቸው ሲሄዱ መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ጋራዥ ሲወሰድ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል። መካኒኩም «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልስዎታል። ቀስ በቀስ ቤተሰቡ ይለምደዋል፤ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋታል» ይባልና ይታለፋል። ይህ አባባል ከየቤታችን ቢወጣ ደስ ይለኛል። የሞተ መጥረጊያ ቤት ያስቀምጠናል፤ አንዳንዴ የሚሠራው ግን አሳምኖ ካስወጣን በኋላ መንገድ ላይ ይከዳናል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም የሚፈትነን ሕመም እንዲህ ያለው ነበር። ታማሚው ሌሊቱን በትኩሳት ሲቃጠል ያድርና ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ይገኛል። «አሁንስ ተሽሎኛል» ብሎ ሊመለስ ይነሳል። ወባም ግርሻም ጠባያቸው ይህ ነው፤ ሄዱ ሲባሉ ይመለሳሉ። ትኩሳቱ ስለወረደ ብቻ ሕመሙ እንዳልሄደ ስለምናውቅ፣ ሰዓት እየጠበቅን ሙቀቱን ለክተን ቻርቱ ላይ እንጽፋለን። መኪናም እንዲሁ ነው። የላላ ሽቦ በራሱ አይጠብቅም፣ የዛገ ብረት በራሱ አይጸዳም። ዛሬ ቆሞ ነገ የሠራ መጥረጊያ ምክንያቱ እዚያው እንደተቀመጠ ነው።

በሦስት ሴኮንድ ውስጥ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዶፍ በሚወርድበት ሰዓት መጥረጊያው ለ3 ሴኮንድ ቢቆም 50 ሜትር በጭፍን ሄደናል ማለት ነው። በዚያ 50 ሜትር ውስጥ የእግረኛ ማቋረጫ ሊኖር ይችላል፣ ከታክሲ የሚወርድ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ጃንጥላውን ወደ ፊቱ አዘንብሎ የሚሻገር ተማሪ ሊኖር ይችላል። እግረኛው ራሱ በዝናብ አንገቱን ደፍቶ ስለሚሮጥ እኛን አያየንም። የማየቱ ኃላፊነት ያለው ከመሪው ኋላ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ለእኛ ለአያቶች ሌላም ነገር ይጨመራል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይናችን ሌንስ እየደፈረሰ ይሄዳል፣ ሞራም ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ይበተንብናል፤ ያልተጠረገ ውኃም መስታወቱ ላይ ብርሃኑን ይበትነዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ወጣቱ ልጃችን እንደምንም የሚያየው መንገድ ለእኛ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ መጥረጊያው የማያስተማምን መኪና ሲሰጠን «በዚህ ዝናብ አልነዳም» ብንል ማንም ሊከፋ አይገባም።

በእርግጥ ብልሽት ነው?

መጥረጊያ ጠርጎ ዕረፍት ቢያደርግ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከመሪው ሥር ያለው ማብሪያ ላይ «አይ ኤን ቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ምልክት ካለ፣ ያ ቦታ ለካፊያ የተሠራ ነው። አንዴ ይጠርግና ጥቂት ሴኮንድ አርፎ እንደገና ይጠርጋል። ይህን አሠራር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ በፈጠራ ባለቤትነት ካስመዘገቡት መካከል አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ኪርንስ ይጠቀሳል። ኪርንስ አንድ ዓይኑ የተጎዳው በሠርጉ ሌሊት ከሻምፓኝ ጠርሙስ ተፈናጥሮ በወጣ ቡሽ ነበር፤ ሐሳቡንም ያገኘው ከዓይን ሽፋሽፍት መርገብገብ ነው ይባላል።

«አውቶ» የሚል ምልክት ያለባቸው መኪኖች ደግሞ መስታወቱ ላይ ዝናብ የሚለይ መሣሪያ አላቸው፤ ዝናቡ ሲቀንስ በራሳቸው ያቆማሉ። ልጆቻችሁ አዲስ መኪና ሰጥተዋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ለመለየት መስታወቱን አርጥበው ማብሪያውን የማያቋርጠው ፍጥነት ላይ ያድርጉት። እዚያም ላይ ከቆመ ብልሽት ነው።

ቻርት ይያዙለት

የሚመላለስ ችግር የሚያዘው በጽሑፍ ነው። ትንሽ ደብተር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። የሚነዳው ሰው መጻፍ የለበትም፤ ከኋላ የተቀመጠው የልጅ ልጅዎ ይጻፈው፣ ደስ ብሎት ይሠራዋል። መጥረጊያው በቆመ ቁጥር የሚጻፉት እነዚህ ናቸው።

ቀኑና ሰዓቱ። ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ቆመ? ካፊያ ነበር ወይስ ዶፍ? የፊት መብራትና የማሞቂያው ማራገቢያ በርተው ነበር? መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር ወይስ ኩርባ እየዞረ ነበር? ሲቆም የሞተሩ ድምፅ ይሰማ ነበር ወይስ ጸጥ አለ? ተመልሶ የሠራው ምን ሲደረግ ነው፤ በራሱ፣ ማብሪያው ሲነካ፣ ወይስ መኪናው ጠፍቶ ሲነሳ?

አራት አምስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ደብተሩን ገልጠው ሲያዩት አንድ ነገር እየተደጋገመ ይመጣል። ያ የሚደጋገመው ነገር ነው ወደ ምክንያቱ የሚመራው።

ምልክቱ ምን ይላል?

ሞተሩ ይሰማል፣ መጥረጊያው ግን አይንቀሳቀስም። ይህ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የብረት ችግር ነው። ክንዱን የያዘው ቡሎን ላልቷል፣ ወይም የሞተሩን ዙሪት ወደ ክንዶቹ የሚያስተላልፈው ዘንግ ከመጋጠሚያው ወልቋል። አንዱ ክንድ ሠርቶ ሌላው ከቆመም ምክንያቱ እዚሁ ነው።

ድምፁም ጠፍቶ መሐል መስታወት ላይ ይቆማል። ኃይል ተቋርጦበታል ማለት ነው። ጉድጓድ ሲገባ ወይም ሲንገጫገጭ የሚደርስ ከሆነ የላላ ሽቦ ይጠርጥሩ። ማብሪያው ሲነካ የሚመለስ ከሆነ የማብሪያው መገናኛዎች አርጅተዋል፣ ወይም ከመሪው ሥር ያሉት ሽቦዎች ተጎድተዋል። መኪናዎ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተቀጠሉትን ሽቦዎች አስቀድመው ያስፈትሹ።

ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች ሲግሉ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ በውስጣቸው አላቸው። ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። የሚያግለው አብዛኛውን ጊዜ የጠነከረ ጎማ ወይም ቅባት ያጣ ዘንግ ነው። ዘንጉ ሳይታይ ሞተሩ ቢቀየር አዲሱም እንዲሁ ይግላል።

በትንሹ ፍጥነት አይሠራም፣ በትልቁ ይሠራል። ማብሪያው ወይም ሞተሩ ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ይጠረጠራሉ። ብዙ ጊዜ ለትንሹና ለትልቁ ፍጥነት የተለያዩ ካርቦኖች አሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲመታ የሚነሳ ከሆነም ካርቦኑ አልቋል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ሲዘጋ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ባለበት ይቀራል። መጥረጊያው ታች ወርዶ እንዲያርፍ የሚያደርግ መገናኛ ሞተሩ ውስጥ አለ። ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር እንደ ጤና ባለሙያ ልበል። የሚመላለስ መጥረጊያ ሳይታሰብ ይነሳል። ሞተሩ ትንሽ ቢመስልም ጣት ለመጨፍለቅ በቂ ጉልበት አለው። ዘንጉ አካባቢ እጅ ከማስገባትዎ በፊት የመኪናውን ቁልፍ ነቅለው ኪስዎ ይክተቱት፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ መስመር መፍታት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። ልጆች ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው በማብሪያ እንዳይጫወቱ ያውርዷቸው።

በመጀመሪያ ጎማውን ይዩ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ፀሐይና አቧራ ጎማውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። በደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያ መክፈት ጎማውንም ሞተሩንም ይጎዳል። መስታወቱንና ጎማውን በሳሙና ውኃ ያጽዱ፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ይቀየር። ከመስታወቱ ግርጌ የተጠራቀመውን ቅጠልም ይልቀሙ። ቅጠሉ የውኃ መውረጃውን ከደፈነው ውኃው ወደ ሞተሩና ወደ ሽቦው ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ በክንዶቹ እግር ላይ ያለውን ክዳን አንስተው ቡሎኑ መጥበቁን ያረጋግጡ። ክንዱ የሚነቀል ከሆነ አስቀድመው የነበረበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት።

ከዚያ ፊውዝ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የተቃጠለ ፊውዝ ተመልሶ አይሠራም፤ ስለዚህ መጥረጊያው እየቆመ የሚመለስ ከሆነ የተቃጠለ ፊውዝ ምክንያቱ ሊሆን አይችልም። ፊውዙ በመቀመጫው ላይ ላልቶ ወይም እግሩ ዝጎ ሊሆን ግን ይችላል። አውጥተው አይተው አጥብቀው ይመልሱት። የሚቀየር ከሆነ በክዳኑ ላይ በተጻፈው የአምፔር ልክ ብቻ ይሁን። በፊውዝ ቦታ የመዳብ ክር ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል መኪና የሚያቃጥል ሥራ ነው። በተደጋጋሚ የሚቃጠል ፊውዝ የሚነግረን ከኋላው ችግር እንዳለ ነው። የመጥረጊያው ሪሌ ለብቻው የሚነቀል ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ፍጹም ተመሳሳይ በሆነ ሌላ ሪሌ ለውጦ መሞከር ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የኤሌክትሪሻን ሥራ ነው፤ ምን እንደሚደረግ ማወቁ ግን ገንዘብዎን ይጠብቃል። መጥረጊያው ቆሞ ሳለ ባለሙያው በመለኪያ ሞተሩ ድረስ ኃይል መድረሱን ያያል። ጤነኛ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ መኪናው ጠፍቶ 12.6 ቮልት ያህል፣ መኪናው ተነስቶ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ያሳያል። ኃይሉ ሞተሩ ድረስ ደርሶ፣ የግራውንድ ሽቦውም ጤነኛ ሆኖ ካልዞረ፣ ጥፋተኛው ሞተሩ ነው። ኃይሉ ካልደረሰ ግን ሞተሩ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ያለው ከማብሪያው፣ ከሪሌው ወይም ከሽቦው ነው።

ሁለት ሞተር የተቀየረለት መኪና

ለዓመታት የተጓዝኩበት አንድ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ነበር። በውጭ አገር ሰዎች አልጋና ማብሰያ ጭነው እንደ ቤት የሚኖሩበትን ረጅም መኪና የሚመስል፣ በውስጡ የምርመራ አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያና የመድኃኒት መደርደሪያ የተገጠመለት ነው። መስታወቱ ሰፊ፣ መጥረጊያዎቹ ረጃጅም ነበሩ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ጣርማ በር ላይ ጉምና ዝናብ አብረው የሚመጡበትን ቦታ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጥረጊያው እዚያ ይቆማል። በማግሥቱ ከተማ ውስጥ ሲሞከር እንደ ሰዓት ይሠራል።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ሁለቱም ጊዜ ለአንድ ሰሞን ደህና ሆነና ገረሸበት። ሾፌራችን ጠንቃቃ ሰው ስለነበር የቆመበትን ሰዓት ሁሉ በጉዞ መዝገቡ ጠርዝ ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ አረጋዊ ኤሌክትሪሻን መኪናውን ከመክፈታቸው በፊት ያንን መዝገብ ተቀብለው አነበቡት። ከዚያ «የቆመው ሁልጊዜ መብራት በርቶ ነው» አሉ። እውነትም ቀን ቀን፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድም ቀን አልቆመም። መብራቱ፣ የማራገቢያውና የመጥረጊያው የግራውንድ ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ቡሎን ከመኪናው ብረት ጋር ታስረው ነበር። ቡሎኑ ሥር ያለው ብረት ዝጓል። መጥረጊያው ብቻውን ሲሠራ የዛገው ቦታ እንደምንም ያሳልፈዋል፤ መብራቱና ማራገቢያው ሲጨመሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ ቡሎኑ ተቀይሮ ጠበቀ። ሁለት ሞተር ያላዳነው መኪና በአንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ዳነ።

የግራውንድ ሽቦ ችግር በረጃጅም መኪኖች ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በቤት መኪናም ያጋጥማል። ባለሙያው ከሞተሩ አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ለጊዜው አንድ ተጨማሪ ሽቦ ዘርግቶ ሊፈትነው ይችላል። መጥረጊያው ወዲያው ከነቃ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ጋራዥ ሲሄዱ

«መጥረጊያው አይሠራም» ብቻ ብለው አይስጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ደብተሩን ይዘው ይሂዱና ያስነብቡ። ገና ሳይለካ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ በአክብሮት «እስቲ ለክተው ያሳዩኝ» ይበሉት። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ችግሩ የሚታየው መስታወቱ ሲረጥብና መብራቱ ሲበራ ከሆነም በዚያው ሁኔታ እንዲሞከር ይጠይቁ።

ሞተር መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዘው ይግዙ። ሶማሌ ተራ ያገለገሉ ዕቃዎች ሲገዙ የመሰኪያው ቅርጽ፣ የሽቦዎቹ ቁጥርና የቮልቱ ልክ መመሳሰሉን ያስተያዩ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በባትሪ በሁለቱም ፍጥነት ያስሞክሩ። ዘንጉም በእጅ ሲንቀሳቀስ ቀሎ መሄዱ ሳይታይ አዲሱ ሞተር አይገጠም።

መንገድ ላይ ቢቆምብዎ

ወዲያው ፍጥነት ይቀንሱ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ከኩርባ ርቀው ዳር ይያዙ። ድንገት ፍሬን አይርገጡ፤ ከኋላ ያለውም ሰው በዝናብ ውስጥ ነው። በመስኮት አንገት አውጥቶ መንዳት ወይም እየነዱ መስታወቱን በጨርቅ ለመጥረግ መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ውኃ የሚወርድበት ቦይ አጠገብ ወይም ዛፍ ሥር አይቁሙ። ልጆች ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ይቆዩ፤ መውረድ ግድ ከሆነም ከመንገዱ በተቃራኒ ባለው በር ይውረዱ። ማብሪያው ቢነካና መጥረጊያው ቢመለስ እንኳ «ተሽሎታል» ብለው ጉዞ አይቀጥሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ። የአዲስ አበባ የሐምሌ ዶፍ ኃይለኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ በዚያው ልክ ቶሎ ያልፋል። ትምህርት ቤቱ ደጅ የሚጠብቀው ልጅ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ስልክ ደውሎ ለጥበቃው ወይም ለመምህሩ መንገር ይበቃል።

በዚህ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ይስጡት። መኪናዋን አስነስተው መስታወቱ ላይ ውኃ እያፈሰሱ፣ መብራቱንና ማራገቢያውን አብርተው፣ መጥረጊያውን በየፍጥነቱ ለ10 ደቂቃ ያሠሩት። አንዴም ሳይደናቀፍ ከጨረሰ ለክረምቱ ተዘጋጅቷል። አንዴ ከቆመ ግን ያ አንዴ ይበቃል፤ ደብተሩ ላይ ጽፈው ዝናቡ ሳይጠነክር ያስፈትሹት። እኛ የጤና ሰዎች ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የምንለው ለሰው ብቻ አይደለም።

መልካም ክረምት፤ ቸር ሰንብቱ።